አሰልጣኙ እጅ ሲሰጥ

ባለፈው ዓመት ብርዱ በገባ ሰሞን የአባቴ ታላቅ ወንድም ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ጋ ሜሪላንድ ሰንብተው ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማታ ማታ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስወጣ ባዩ ቁጥር «ደግሞ ወዴት ነው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ይዣቸው ሄድኩ። ጂሙ ውስጥ ግድግዳው ሥር ተቀምጠው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ጁጂትሱ የሚባለውን የመሬት ላይ ትግል ስንሠራ ሲያዩ አመሹ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ብዙ ዝም አሉ። መብራት ላይ ስንቆም «እኚያ ሽበታሙ ሰውዬ ናቸው አስተማሪያችሁ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ያቺ በእግሯ አንቃ እጅ ያሰጠቻቸው ልጅስ? ተማሪያቸው ናት?»

«አዎ።»

ትንሽ ቆዩና «እና ነገም ያስተምራሉ?» አሉ።

ሊያሾፉ ብለው አይደለም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እኔም «ጋሼ፣ እዚያ እንደሱ ነው» ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ብሎ ማለፍ ግን መልስ አይባልም። ጥያቄው እስካሁን ሥራ ቦታም፣ ጂምም፣ መኪና ስነዳም ይመጣብኛል። ሰው አደባባይ ላይ፣ በገዛ ተማሪዎቹ ፊት፣ በገዛ ተማሪው ተሸንፎ በማግሥቱ እንዴት «ኑ ላስተምራችሁ» ይላል? ለዓመታት እያየሁት አንድም ቀን አስገርሞኝ አያውቅም ነበር። ጋሼ ከጠየቁኝ በኋላ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ያቺ ደቂቃ

አሰልጣኛችን ብራዚላዊ ነው፣ የሪዮ ልጅ። ስልሳን እየተጠጋ ነው። ጆሮዎቹ ከዓመታት ፍትጊያ የተነሳ አብጠው ደርቀዋል። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ጣቶቹን አንድ በአንድ በነጭ ፕላስተር ይጠቀልላል። ጥቁር ቀበቶው አርጅቶ ጫፍ ጫፉ ተበልቷል፣ ውስጡ ያለው ነጭ ክር ወጥቷል። ፕሮፌሶር ነው የምንለው፤ የብራዚል ጂሞች ልማድ ነው።

ልጅቷ ሐምራዊ ቀበቶ ናት፤ ከነጭና ከሰማያዊ በላይ፣ ከቡናማና ከጥቁር በታች። ሆስፒታል በፈረቃ የምትሠራ፣ ቀጭን፣ ከሥራ ልብሷ ጋር ሮጣ የምትመጣ። ፕሮፌሶር ቢያንስ ሠላሳ ኪሎ ይበልጣታል። የዚያን ማታ እሷ በጀርባዋ ተኝታ ከታች ነበረች፣ እሱ ከላይ። እግሮቿን አልፎ ለመግባት አንድ እጁን ወደፊት ላከ። ስትጠብቅ የነበረው ያንን ነው። አንዱን እጁን ወደ ራሷ ስባ ሌላውን ወደ ሆዱ ገፋችው፣ አንድ እግሯን በማጅራቱ ላይ አሳለፈች፣ ቁርጭምጭሚቷን በሌላኛው ጉልበቷ መታጠፊያ ሥር ቆለፈችው። ትሪያንግል የሚባለው ነው። አንገት ግራና ቀኝ ያሉት የደም ሥሮች በአንድ በኩል በሷ ጭን፣ በሌላው በኩል በራሱ ትከሻ ይታፈናሉ። በደንብ ከገባ ሰው ራሱን ለመሳት ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

ፕሮፌሶር ጀርባውን ቀና ለማድረግ ሞከረ። እሷ ዳሌዋን ትንሽ ወደ ጎን አዞረችና ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ወደ ታች ሳበችው። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ነፃ በሆነው እጁ ጭኗን መታ መታ አደረገ። ወዲያው ለቀቀችው።

ታፕ የምንለው ይህንን ነው። ያዝሽኝ፣ በቃኝ፣ ልቀቂኝ ማለት ነው።

ጋሼን ግራ ያጋባቸው ግን ይህ ብቻ አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፕሮፌሶር ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ ሳቀና «ቆይ፣ ዳሌሽን መቼ ነው ያዞርሽው? እኔ አላየሁም» አላት። ሁላችንንም ጠርቶ ዙሪያዋን አስቀመጠንና አሳዪን አላት። የሚታነቀው ራሱ ሆነ። አሁንም አሁንም አንገቱን እየሰጠ፣ «እዚህ ጋ ነው የጠፋሁት፣ አያችሁ?» እያለ ሲያስረዳን ቆየ። ስልሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው። ሃያ ሰው እያየው።

ይህቺን ልጅ ሳያት ሁሌ የማስበው ነገር አለ። በ1941 (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ብራዚል ውስጥ የወጣ ሕግ ሴቶች ከተፈጥሯቸው ጋር አይሄዱም በተባሉ ስፖርቶች እንዳይሳተፉ ከልክሎ ነበር። በ1965 ደግሞ ማንኛውም ዓይነት ትግል በግልጽ ታገደባቸው። እገዳው የተነሳው በ1979 ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ጥቁር ቀበቶ ኢቮኔ ዱዋርቴ ቀበቶዋን ያገኘችው በ1990 ነው። ይኸውም ፕሮፌሶር ሪዮ ውስጥ ልጅ ሆኖ መሠልጠን ሲጀምር አጠገቡ ሴት ልትኖር አትችልም ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ነው ዛሬ ለአንዲት ሴት ልጅ ታፕ አድርጎ «እስቲ እንደገና አሳዪን» የሚላት። ይህን ለጋሼ በዚያች ማታ ልነግራቸው ይገባ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጀርባው መሬት የነካ

እኛ ሰፈር ትግል ስንገጥም ሕጉ አንድ ነበር። ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። አለቀ። ከላይ የሆነው ተነስቶ አቧራውን ያራግፋል፤ ከታች የነበረው እስከ ማታ ሲፎገር ይውላል። ጋሼም ያደጉት በዚሁ ሕግ ነው። እንዲህ ያደገ ሰው አንዲት ልጅ ጀርባዋ መሬት ላይ እያለ ገና አልተሸነፍኩም ስትል፣ ብሎም ከላይ ያለውን ስትረታ ሲያይ ዓይኑን ማመን ያቅተዋል።

ጁጂትሱ የሚጀምረው ግን እኛ አለቀ ያልነው ቦታ ላይ ነው። ነገሩ መነሻው ጃፓን ነው። ጂጎሮ ካኖ በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የሚባል ማሠልጠኛ ከፍቶ ጁዶን አቋቋመ። ከኮዶካን የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ አገር ላገር እየዞረ ሲጋጠም ከርሞ በ1914 ብራዚል ገባና መጨረሻ ላይ ቤሌም የምትባል፣ በአማዞን ወንዝ አፍ አካባቢ ያለች ከተማ ውስጥ ኑሮውን መሠረተ። እዚያ ካርሎስ ግሬሲ የሚባል ጎረምሳ አስተማረ። ካርሎስ ወደ ሪዮ ሄዶ በ1925 የራሱን ማሠልጠኛ ከፈተ። ታናሽ ወንድሙ ሄሊዮ ቀጭንና ደካማ ስለነበር ጉልበት የሚፈልገውን ትቶ ጊዜና አቀማመጥ የሚፈልገውን ያዘ ይባላል። የራስን መላ ሰውነት በሌላው ሰው አንድ መገጣጠሚያ ላይ ማሳረፍ። ከታች ሆኖ መታገስ። በእግር መያዝ፣ በእግር መግፋት፣ በእግር ማነቅ።

ዓለም ይህን ያየው በ1993 ነው። የሄሊዮ ልጅ ሮይስ ዴንቨር ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዩ.ኤፍ.ሲ. በሚባለው የተለያየ ስልት ያላቸው ተፋላሚዎች በሚገጥሙበት ውድድር በአንድ ምሽት ሦስት ተጋጣሚዎች አሸነፈ። ሰማንያ ኪሎ ገደማ የሆነ፣ ነጭ ጊ (የጁጂትሱ ልብስ) የለበሰ፣ መንገድ ላይ ብታዩት የማትፈሩት ልጅ።

ጀማሪ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ታሪክ አይጠቅመውም። ከባድ ሰው ደረቱ ላይ ሲቀመጥበት ይደነግጣል። ይወራጫል፣ ይገፋል፣ ትንፋሹን ይይዛል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልቅለታል። መንፈራገጥ ለመላላጥ የሚባለው ነው፤ ክርኑ ተልጦ ይወጣል። ማንም አንቆት አይደለም ታፕ የሚያደርገው፤ ጭንቀቱ ነው የሚያሸንፈው።

ይህ ደግሞ በጀማሪ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። የሄሊዮ ልጅ ሪክሰን ግሬሲን ብዙ ሰው ከቤተሰቡ ሁሉ የላቀ ነው ይለዋል። እሱ ራሱ የሚያወራው ታሪክ አለ። ልጅ ሳለ ከሱ በጣም የሚከብድ ሰው ሥር ተይዞ ትንፋሽ አጥሮት፣ ሳይታነቅ፣ በጭንቀት ብቻ ታፕ አደረገ። እቤት ገባና ወንድሙን ምንጣፍ ውስጥ ጠቅልለኝ አለው። በሪዮ ሙቀት፣ እጁ ጎኑ ላይ ታስሮ፣ የሚጮህበት እንኳ ሳይኖር እዚያ ውስጥ ቆየ። በሌላ ቀንም ደገመው። ፍርሃቱ እስኪለቀው። በኋላም ትንፋሽን ራሱን እንደ አንድ ትምህርት ይዞ ዓመታት አጠናው።

ይህ ታሪክ ከሪክሰን ድሎች ሁሉ የበለጠ ይገባኛል። አስተውሉ፣ ልጁ ታፕ ማድረጉን አልካደም። ሰውየው ከብዶ ነው፣ ቀኑ ሞቆ ነው አላለም። ያቺ ታፕ ምን እንደምትለው ሰማትና ምንጣፍ ፈለገ።

ማራካኛ፣ 1951

ከዚህ ጋር የማይሄድ የሚመስል ሌላ ታሪክ አለ፤ ጁጂትሱ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥቅምት 1951፣ ሪዮ፣ ማራካኛ ስታዲየም። ሄሊዮ ግሬሲ ከጃፓናዊው የጁዶ ጀግና ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ገጠመ። ኪሙራ በክብደትም በችሎታም ይበልጠዋል። ደጋግሞ አንስቶ ጣለው። በሁለተኛው ዙር ክንዱን ከጀርባው በኩል ጠምዝዞ ያዘው። ሄሊዮ ታፕ አላደረገም። ኪሙራ ጨመረ። ሄሊዮ አሁንም ዝም አለ። ኪሙራ በኋላ እንደተረከው አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ትግሉን ያስቆመው ካርሎስ ነው፤ ወንድሙ ሲሰበር ቆሞ ማየት አቅቶት ፎጣ ወረወረ።

ይህን ታሪክ አገራችን ያደገ ሰው ሲሰማ ደሙ ይሞቃል። እኔም ይሞቅብኛል። እጅ አልሰጥም ብሎ የተሰበረ ሰው እኛ ጋ ይዘፈንለታል። ጋሼ ይህን ቢሰሙ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» ማለታቸው አይቀርም።

ግን ሁለት ነገር አስባለሁ። አንደኛው፣ ሄሊዮ ያንን ያደረገው በሕይወቱ ትልቁ ግጥሚያ ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ ልምምድ ላይ አይደለም። እዚያ ከመድረሱ በፊት ስንት ሺህ ጊዜ ታፕ አድርጓል? ታፕ ባይኖር ኖሮ ማነቅንና ክንድ መስበርን በየቀኑ፣ በሙሉ ኃይል፣ ከጓደኛ ጋር መለማመድ ማን ይችላል? ቦክሰኛ በየቀኑ እስኪዘረር መደባደብ አይችልም። እኛ ግን በአንድ ማታ አምስት ጊዜ ሞተን አምስት ጊዜ እንነሳለን፤ በማግሥቱ ሥራ እንገባለን። ከመሞት መሰንበት ይባል የለ? እዚህ ስፖርት ውስጥ ይህ አባባል በቀጥታ ይሠራል። የማይሰነብት አይማርም።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ይደንቀኛል። ያቺ የክንድ መያዣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ኪሙራ ነው የምትባለው። ስሟን ያስጠሩት በእሷ የተሸነፉት ሰዎች ናቸው። የግሬሲ ቤተሰብ ዘመኑን ሁሉ እኛ አንሸነፍም እያለ የኖረ፣ ጋዜጣ ላይ ግጠሙን እያለ ያስነገረ፣ ኩራቱ ጣራ የነካ ቤተሰብ ነው። እና ይኸው ቤተሰብ የጎዳቸውን ሰው ስም በየቀኑ ለተማሪዎቹ ሲጠራ ኖረ። ውስጣቸው ምን ይሰማቸው እንደነበር አላውቅም። ያደረጉትን ግን አይቻለሁ፣ እኔም ተምሬዋለሁ።

ከዚያ ደግሞ 1955 መጣ፤ የጋሼ ጥያቄ በቀጥታ የሚነካው ይህንን ነው። ቫልደማር ሳንታና ከባሂያ የመጣ፣ በግሬሲዎች ማሠልጠኛ እየሠራ እዚያው የተማረ ወጣት ነበር። ከሄሊዮ ጋር ተጣሉ። በአደባባይ ተጋጠሙ። ሄሊዮ 41 ዓመቱ ነው፣ ሳንታና ደግሞ ወጣትና ከባድ። ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ታገሉ። በመጨረሻ ሳንታና አስተማሪውን አንስቶ ጣለው፣ ጭንቅላቱን በእርግጫ መታው፣ አበቃ።

በማግሥቱ ምን ሆነ? የቤተሰቡ ክብር ተነካ ተባለ። የካርሎስ ልጅ ካርልሰን ለአጎቱ ሊበቀል ወጣና በቀጣዩ ዓመት ሳንታናን አሸነፈው። ታሪኩን የሚያወሩት ሁሉ እዚህ ላይ «ክብራቸው ተመለሰ» ብለው ይዘጉታል። እኔን የሚስበኝ ሌላ ነው። ሄሊዮ ከዚያም በኋላ ማስተማሩን አላቆመም። በ2009 በ95 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ነጭ ጊውን ለብሶ ምንጣፍ ላይ ይወጣ ነበር። ተማሪው ባደባባይ ዘርሮት፣ እሱ ግን ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት አስተማረ።

«በውድድር ቀን ማን ይሰጣታል?»

ጋሼ በዚያች ማታ አንድ ነገር አክለው ነበር። «ምናልባት ሆን ብለው ይሆናል። ልጅቷን ለማበረታታት» አሉ። መምህር ናቸውና እንዲህ ማሰባቸው አይገርምም። እሳቸውም ሰሌዳ ላይ አውቀው ተሳስተው ተማሪ እንዲያርማቸው ያደርጉ እንደነበር ነግረውኛል።

እኔም ጥርጣሬው ገባኝና በሌላ ቀን ፕሮፌሶርን ጠየቅሁት። ፕላስተሩን ከጣቱ ላይ እየላጠ ነበር። «ሆን ብዬ?» አለ። «በሚቀጥለው ወር ውድድር አላት። እኔ ዛሬ ብሰጣት በውድድር ቀን ማን ይሰጣታል?» ከዚያ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራኝ። ድሮ ጠንካራው ጨዋታው ከላይ ሆኖ መጫን ነበር። አሁን ከሐምራዊና ከቡናማ ቀበቶዎች ጋር ሲሠራ ግማሹን ጊዜ ከመጥፎ ቦታ ይጀምራል፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወይም አንድ እጁ ተይዞ። «ከምችለው ቦታ ብቻ ከጀመርኩ የምማረው ነገር የለም» አለኝ። ይህን ሲል አልከበደውም። የመኪና ዘይት መቼ እንደሚቀይር የሚነግረኝ ነበር የሚመስለው።

ሁሉም ጂም እንዲህ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ በፊት በሄድኩበት አንድ ቦታ አሰልጣኙ ከነጭ ቀበቶዎች ጋር ብቻ ነበር የሚታገለው። ጠንካራ ልጅ ሲጠጋው ሰዓት ያያል፣ ስልክ ይመጣበታል። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ነገር ግን ከሱ በታች ያሉት ቡናማ ቀበቶዎችም ከሚያሸንፉት ሰው ጋር ብቻ መታገል ጀመሩ። ከዚያ ሐምራዊዎቹ። ከዚያ እኛ። በመጨረሻ ሁሉም የሚያሸንፈውን ሰው እየመረጠ ጂሙ ውስጥ እድገት የሚባል ነገር ቆመ። ታፕ የማያደርግ አሰልጣኝ ታፕ የማያደርጉ ተማሪዎች ያፈራል፤ እነሱ ደግሞ ይጎዳሉ። እዚያ ቤት ክርኑን የታሰረ ሰው አይጠፋም ነበር።

ጋሼ ከተመለሱ በኋላ በስልክ ስናወራ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስለ ሄሊዮም፣ ስለ ሳንታናም። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ልጅ ትዝ አላቸው። አሥረኛ ክፍል፣ ኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ። እሳቸው ሰሌዳውን ሙሉ ሞልተው የሠሩትን ጥያቄ ልጁ ወጥቶ በአራት መስመር ፈታው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ምን እንደሚሉ ሁሉም ጠበቀ። «ምን አደረጉ?» አልኳቸው። «ጠመኔውን ሰጠሁትና ለሌላውም ክፍል እንዲያስረዳ ላክሁት» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን «ሰሌዳ ሌላ፣ አንገት ሌላ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰሌዳ ላይ የተሸነፈ ሰው ነገሩን ማድበስበስ ይችላል። «እኔም ይህን መንገድ አውቀው ነበር፣ ረጅሙን ያሳየኋችሁ እንዲገባችሁ ነው» ይላል። አንገቱ የተያዘ ሰው ግን ምንም የሚለው የለም። ወይ ታፕ ያደርጋል ወይ ራሱን ይስታል።

ያወቁትን የማይደብቁ

ኦስቫልዶ ፋዳ የሚባል አሰልጣኝ ነበር፤ ስሙ ከግሬሲዎች ጋር ሲነጻጸር ብዙም አይነሳም። የተማረበት መስመር ወደ ማኤዳ በሌላ በኩል ይደርሳል፣ በግሬሲዎች አላለፈም። ግሬሲዎቹ በሪዮ ሀብታሞች ሰፈር ገንዘብ ላለው ሲያስተምሩ ፋዳ ቤንቶ ሪቤይሮ ውስጥ፣ ከመሀል ከተማው ርቆ፣ ለድሃ ልጆች በነፃም ጭምር ያስተምር ነበር። በ1950ዎቹ ተማሪዎቹን ይዞ ግሬሲዎችን ገጠመ። የፋዳ ልጆች አሸነፉ። የረዳቸው እግር ጠምዝዞ መያዝ ነው፤ በዘመኑ የተናቀ ዘዴ ነበር። የጫማ ሰሪ ዘዴ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ተወዳዳሪዎች ሁሉ እግር መያዝን ሳያውቁ ውድድር አይገቡም። ያኔ ግን ተሸንፈውበትም ብዙ አሰልጣኞች ለመማር አሥርት ዓመታት ፈጀባቸው። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ። ታፑ መጥቶ ነበር፤ የሚሰማው ጠፋ እንጂ።

ካርልሰን፣ ያ ለአጎቱ የተበቀለው፣ በኋላ ከቤተሰቡ ልማድ ወጣ። ለጥቂቶች በግል ይሰጥ የነበረውን ትምህርት ኮፓካባና ላይ ለብዙ ልጅ በጅምላ አስተማረ፣ ደሃውንም ሀብታሙንም። ድንቅ ተማሪዎች አፈራ። ከምርጦቹ አንዳንዶቹ ግን በ2000 ጥለውት ወጥተው የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ። በጣም አዘነ። ከጂም ጂም የሚቀያይርን ሰው ክሬዎንቺ የሚለው ስድብ የሱ ነው፤ ከአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ገጸ ባሕርይ የወሰደው። ዛሬም ብራዚላውያን ይሰዳደቡበታል። ሰውየውን አልፈርድበትም። ተማሪ በእጅህ ሲበልጥህ ደስ ይላል፤ በልጦህ ሲሄድ ግን ሌላ ሕመም ነው። ታፕ ማድረግ ከዚህ ይቀላል።

ፈርናንዶ ቴሬሬ ደግሞ አለ። ካንታጋሎ ከሚባለው የሪዮ ኮረብታ ላይ ካለ የድሆች ሰፈር ወጥቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ሱስ ጣለው፣ ሁሉን አጣ። ያስተማራቸው አንድሬ ጋልቫዎና ኮብሪኛ በዚያው ጊዜ በዓለም መድረክ ላይ ስማቸው ገነነ። እሱ ሲነሳ የሄደው ወደ ካንታጋሎ ነው። ተመልሶ የሰፈሩን ልጆች በነፃ ማስተማር ጀመረ። «ድሮ እኔ ነበርኩ ያስተማርኳቸው» እያለ መኖር ይችል ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል።

ከሁሉም በላይ ግን ማርሴሎ ጋርሲያ ነው የሚገርመኝ። አጭር፣ ሳቂታ፣ ፎርሚጋ ከምትባል የሚናስ ጌራይስ ከተማ የወጣ። አቡ ዳቢ በተጀመረው ኤ.ዲ.ሲ.ሲ. በሚባለው ትልቅ ውድድር አራት ጊዜ፣ በዓለም ሻምፒዮና አምስት ጊዜ አሸንፏል። ኒው ዮርክ ላይ ጂም ከፈተና የየቀኑን ልምምዱን እየቀረጸ ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ጀመረ፤ ውድድር በተቃረበ ጊዜም ጭምር። ተጋጣሚው ተቀምጦ ሊያጠናው ይችላል። ስፖርተኛ ሁሉ የሚደብቀውን እሱ አደባባይ አወጣው። አስተሳሰቡ ቀላል ነበር፤ የኔን ጨዋታ የሚያጠና ሰው ወደ ራሴ ሜዳ ነው የሚመጣው፣ እዚያ ደግሞ እኔ እሻላለሁ። እኔ ግን ከዚህም የሚያልፍ ይመስለኛል። ቪዲዮዎቹን ያየ ሰው ማርሴሎ ሲያዝም ያየዋል። ከተማሪዎቹ ጋር ሲላብ፣ ሲጠፋበት፣ ቦታ ሲያጣ። ሁሉም እንዲያየው ትቶታል።

ልጅ ለምትወስዱ

ጋሼን ይዤ ከሄድኩ ወዲህ ስለ ጂም የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢም፣ የሠርግ ድንኳን ውስጥም። አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ማስገባት የሚፈልጉ ወላጆች ናቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ጥቁር ቀበቶ በስንት ጊዜ ያገኛል?»

ቶሎ አያገኝም። ልጆች የራሳቸው ቀለሞች አሏቸው፤ ከነጭ ወደ ግራጫ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና አረንጓዴ ይሄዳሉ። ሰማያዊ ቀበቶ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ከ16 ዓመት በፊት አይሰጥም፣ ጥቁር ደግሞ ከ19 ዓመት በፊት። ጎልማሳ ሆኖ የጀመረ ሰው ጥቁር ላይ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በሁለት ዓመት ጥቁር ቀበቶ እንሰጣለን የሚል ካገኛችሁ ሽሹ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው «አሰልጣኙ ጎበዝ ነው? ሜዳሊያ አለው?» ነው። ሜዳሊያውን ተዉት። ነፃ በሚሰጧችሁ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ብቻም አትወስኑ፤ ያን ቀን ሁሉም ጂም ጥሩ ነው። የአዋቂዎቹን የትግል ሰዓት ጠይቁና ሄዳችሁ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። አሰልጣኙ ከማን ጋር እንደሚሠራ እዩ። ከጠንካሮቹ ጋር ይሠራል? ሲያዝ ምን ያደርጋል? የያዘውን ልጅ ምን ይለዋል? ከዚያ የልጆቹን ሰዓት እዩ። አንድ ትንሽ ልጅ ተይዞ ታፕ ሲያደርግ አሰልጣኙ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ተመልከቱ። «ደህና ነህ? በል እንደገና» ካለው አስመዝግቡት። «ለምን ቶሎ ሰጠህ?» ብሎ ከተቆጣው፣ ወይም ሌሎቹ ሲስቁበት ዝም ካለ፣ ሌላ ጂም ፈልጉ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢም፣ አሌክሳንድሪያም፣ ብዙ አለ።